ያልተቆጠሩት ሰዓታት፦ የአዲስ አብራሪዎች ምደባ፣ ምልልስና ደመወዝ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አሜሪካ አካባቢያዊ አየር መንገዶችና በእነርሱ ዘንድ ሥራ ስለሚጀምሩ አዳዲስ አብራሪዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ምሽት ከኒዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በኒው ዮርክ ግዛት፣ ክላረንስ ሴንተር በተባለ ስፍራ በአንድ መኖሪያ ቤት ላይ ወደቀ። በአውሮፕላኑ የተሳፈሩት 49 ሰዎችና በቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው፣ በድምሩ 50 ሰዎች ሞቱ። መንገደኞቹ ትኬት የቆረጡት በታላቁ አየር መንገድ በኮንቲኔንታል ስም ነበር፤ አውሮፕላኑን ያበረረው ግን ኮልጋን ኤር የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነበር።

ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የአደጋው ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው፣ አውሮፕላኑ ፍጥነቱ ቀንሶ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ካፒቴኑ የወሰደው የተሳሳተ እርምጃ ነው። አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። ነገር ግን ምርመራው ከበረራው በፊት ወደነበሩት ሰዓታት ሲዘልቅ ሌላ ታሪክ ተገለጠ። የ24 ዓመቷ ረዳት አብራሪ የሥራ መነሻዋ ኒዋርክ ሲሆን መኖሪያዋ በሲያትል አካባቢ ነበር። በሁለቱ መካከል ከ3,800 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን በሜምፊስ በኩል ተጉዛ ማለዳ ኒዋርክ ደረሰች፤ ቀኑንም በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል አሳለፈች። ካፒቴኑም የሚኖረው በፍሎሪዳ ነበር። ሁለቱም በኒዋርክ ማደሪያ አልነበራቸውም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ልዩ ናቸውን? አይደሉም። በዚያን ወቅት መነሻቸው ኒዋርክ ከነበረው 137 የኩባንያው አብራሪዎች መካከል 93ቱ ከሌላ አካባቢ የሚመላለሱ ነበሩ። ከሦስቱ ሁለቱ በላይ ማለት ነው። ከሦስት ሠራተኞች ሁለቱ አንድ ዓይነት «የግል ምርጫ» ሲመርጡ፣ ምክንያቱን በግለሰቦቹ ጠባይ ውስጥ ብቻ መፈለግ አይበቃም። ምርጫውን የወለደውን ሥርዓት መመርመር ይገባል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አካባቢያዊ የሚባሉት አየር መንገዶች ከትናንሽ ከተሞች መንገደኞችን ሰብስበው ወደ ታላላቆቹ አየር መንገዶች ማዕከላት ያደርሳሉ። በአብዛኛው ትኬት የሚሸጠው፣ የበረራ ፕሮግራም የሚያወጣውና የነዳጁን ወጪ የሚሸከመው ታላቁ አየር መንገድ ነው። አካባቢያዊው ኩባንያ ለፈጸመው በረራ በውል የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል። ገቢው በውል ከታሰረ፣ ትርፉን ለማስፋት የሚቀረው መንገድ ወጪውን መቀነስ ነው። ከሚያዝባቸው ወጪዎች ዋነኛው ደግሞ የሰው ጉልበት ነው። ውሉ ሲያበቃ ሥራው በርካሽ ለሚሠራ ተወዳዳሪ ሊተላለፍ ይችላልና፣ የአዲሱ አብራሪ ደመወዝ ለረጅም ዘመን ዝቅ ብሎ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ምደባ እንምጣ። እኛ ምደባ ስንል መንግሥት መምህሩን ወይም ሐኪሙን ወደ አንድ ወረዳ ሲልክ ይታየናል። ተመዳቢውም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። የአብራሪው ምደባ ከዚህ ይለያል። ኩባንያው የሚወስነው የበረራ ሥራው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በቋንቋቸው «ቤዝ» ይሉታል። አብራሪው የትም ይኑር የት፣ በሰዓቱ እዚያ መገኘት አለበት። የትኛው ቤዝ እንደሚደርሰው የሚወስነው የቅጥር ቅደም ተከተል ነው። ቀድሞ የተቀጠረ ቤዙን፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የወር ፕሮግራሙንና የዕረፍት ቀኑን ቀድሞ ይመርጣል። በዝርዝሩ ግርጌ ያለው አዲስ ገቢ ሌሎች ያልፈለጉት ይደርሰዋል። ብዙውን ጊዜም ተጠባባቂ ይሆናል፤ ስልክ ሲደወልለት በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያው መድረስ ይጠበቅበታል። ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ሰው ይህን ለመፈጸም ስልክ ባይደወልለትም እንኳ በቤዙ አጠገብ ማደር ግድ ይሆንበታል።

«ታዲያ ለምን ወደ ቤዙ ከተማ አይዛወርም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው መልስ ኑሮ ነው፤ እንደ ኒው ዮርክ አካባቢ ባሉ ውድ ከተሞች የአዲስ አብራሪ ደመወዝ የቤት ኪራይ ለመቻል ይቸግረው ነበር። ሁለተኛው የምደባው አለመጽናት ነው። ቤዝ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዴልታ በሜምፊስ የነበረውን ማዕከል በ2013 ዘግቷል። በ2020 ደግሞ ትራንስ ስቴትስ፣ ኮምፓስና ኤክስፕረስጄት የተባሉት አካባቢያዊ አየር መንገዶች ሥራ አቁመዋል። አብራሪው ወደ ሌላ ኩባንያ ሲዛወር የቅጥር ቀደምትነቱን ይዞ አይሄድም፤ እንደገና ከግርጌ ይጀምራል። ሦስተኛው ቤተሰብ ነው። የትዳር ጓደኛ ሥራ አለው፣ ልጆች ትምህርት ቤት አላቸው፣ አረጋውያን ወላጆች አሉ። ነገ ሊለወጥ ለሚችል ቤዝ ሲባል ጎጆን ማፍረስ ማንም አስተዋይ ሰው በቀላሉ የሚወስነው አይደለም።

ስለዚህ አብራሪው ይመላለሳል። በኩባንያው አውሮፕላን፣ ወይም በስምምነት በሌላው ኩባንያ አውሮፕላን፣ ክፍት ቦታ ከተገኘ ያለ ክፍያ ይሳፈራል። በአብራሪዎች ክፍል ያለችው ትርፍ መቀመጫም ለዚህ ታገለግላለች። ቦታው ነጻ ነው እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። ከፋይ መንገደኛ ከሞላው ይቀራል። ለጥንቃቄም አንድ ወይም ሁለት በረራ ቀድሞ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በፊት ይነሣል። በቤዙ አቅራቢያ ብዙ አብራሪዎች ተዋጥተው የሚከራዩት ማደሪያ አለ፤ «ክራሽ ፓድ» ይሉታል። የዚያ አልጋ ኪራይም ከራሱ ኪስ ይወጣል።

አሁን ደመወዙን እንመልከት። የአሜሪካ አብራሪ የሚከፈለው በአብዛኛው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቅሎ እስከሚቀጥለው ማቆሚያ እስኪደርስ ባለው ሰዓት ልክ ነው። በበረራዎች መካከል የሚጠብቀው ጊዜ፣ የቅድመ በረራ ፍተሻውና የሰነድ ሥራው በአመዛኙ በዚህ ሰዓት ውስጥ አይገቡም። አነስተኛ የሰዓት አበል አለ፤ የወር ዝቅተኛ የክፍያ ሰዓት ዋስትናም አለ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በ75 ሰዓት አካባቢ ነው።

አንድ የማብራሪያ ስሌት ላቅርብ፤ የጥናት ውጤት አይደለም። በ2009 አካባቢ የነበረን አዲስ ረዳት አብራሪ በሰዓት 20 ዶላር እናስብለት። 75 ሰዓት በ20 ሲባዛ በወር 1,500 ዶላር፣ በዓመት 18,000 ዶላር ይሆናል። ይህ ሰው በወር አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አራት አራት ቀን ይሠራል እንበል። በቀን 10 ሰዓት በሥራ ላይ ቢቆይ በወር 160 ሰዓት ነው። በዚህ ስሌት የሰዓት ክፍያው 20 ዶላር ሳይሆን 9 ዶላር ከ38 ሳንቲም ገደማ ነው። ለመሄድ 6፣ ለመመለስ 6 ሰዓት ቢወስድበት፣ በአራት ምልልስ 48 ሰዓት ይጨመራል። ድምሩ 208 ሰዓት ይሆናል፤ ክፍያውም በሰዓት 7 ዶላር ከ21 ሳንቲም ላይ ይወርዳል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የአገሪቱ ፌዴራላዊ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሆኖ ነበር። እርግጥ ሕጉ የምልልስን ጊዜ እንደ ሥራ አይቆጥርም። የሰው አካል ግን ይቆጥረዋል።

ከኮልጋን አደጋ በኋላ የሟቾች ቤተሰቦች ለዓመታት የኮንግረስን ደጃፍ ጠኑ። በ2010 ሕግ ወጣ። በዚህም መሠረት ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪዎች በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖራቸው ተደነገገ፤ ከወታደራዊ አገልግሎትና ከአቪዬሽን ትምህርት ተቋማት ለሚመጡ ግን ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ የጸናው ደንብ ደግሞ ከሥራ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥና ከዚህም ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ የእንቅልፍ ዕድል እንዲኖር አዘዘ። አብራሪው ለሥራ ብቁ መሆኑን ማረጋገጥም ግዴታው ሆነ። እነዚህ ታላላቅ እርምጃዎች ናቸው።

ምልልስ ግን ከደንቡ ውጭ ቀረ። ዕረፍት የሚቆጠረው አብራሪው ከሥራ ከተሰናበተበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ያንን ጊዜ በአልጋ ላይ ይሁን በሌላ አውሮፕላን መቀመጫ ላይ ማሳለፉ ለራሱ ኃላፊነት ተትቷል። በ2011 ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ፣ ምልልስን በርቀት ወይም በሰዓት ለመገደብ የሚያበቃ በቂ መረጃ እንደሌለ ገልጿል። ይህ ድምዳሜ በሳይንስ ረገድ ታማኝ ነው፤ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በሌሊት ተጉዞ የመጣና ከአንድ ቀን በፊት ደርሶ ተኝቶ ያደረ ሰው በድካማቸው እኩል አይደሉምና። በኮልጋን ጉዳይም ቦርዱ የአብራሪዎቹ ብቃት በድካም ሳይቀንስ እንዳልቀረ ተቀብሎ፣ መጠኑን መወሰን ስላልተቻለ ከአደጋው ምክንያቶች ውስጥ አላካተተውም። ሊቀመንበሯ ዴብራ ኸርስማን ግን ድካም አስተዋፅዖ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ተብሎ መመዝገብ ነበረበት የሚል አቋም ነበራቸው።

ከወረርሽኙ በኋላ የአብራሪ እጥረት ሲበረታ ደመወዙ በፍጥነት ተለወጠ። በ2022 የአሜሪካን ኤርላይንስ ቅርንጫፎች የሆኑት ኤንቮይና ፒድሞንት ለአንደኛ ዓመት ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር እንደሚከፍሉ አስታወቁ፤ ከዚህም ከፊሉ በጊዜያዊ ጭማሪነት የታሰበ ነበር። ወደ ስሌታችን እንመለስና 75 ሰዓት በ90 ስናባዛ 6,750 ዶላር እናገኛለን። ለ208ቱ ሰዓት ሲካፈል ከ32 ዶላር በላይ ነው። ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፤ በማረፊያ ክፍል ወንበር ላይ ያንቀላፋ የነበረ ሰው አሁን ሆቴል መከራየት ይችላል። ይህም ደመወዝና የበረራ ደኅንነት የተያያዙ መሆናቸውን ያሳያል።

ነገር ግን አንድ አኃዝ አልተለወጠም። 48ቱ ሰዓት አሁንም 48 ነው። ምደባው በቅጥር ቅደም ተከተል እስከሆነ፣ ቤዙም በንግድ ስሌት እስከተከፈተና እስከተዘጋ ድረስ፣ ገንዘብ የድካሙን ዋጋ ያቀልለዋል እንጂ ርቀቱን አያሳጥረውም።

የእኛው አየር መንገድ አዲስ አበባን ዋና ማዕከሉ አድርጎ የሚሠራ በመሆኑ፣ ጉዳዩ በዚህ መልኩ ጎልቶ አይታይም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የአብራሪዎች ብቻ አይደለም። ቤተሰቡን በአንድ ከተማ ትቶ በሌላ ወረዳ የሚያስተምር መምህር፣ በሁለት ሆስፒታሎች መካከል እየተመላለሰች ተረኛ የምትሆን ነርስ ከዚሁ ጥያቄ ውስጥ ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ደመወዝን ስታጠኑ የተከፈለውን ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ። ሠራተኛው ወደ ሥራው ለመድረስ ያወጣውን ጊዜ፣ ያጣውን እንቅልፍና የከፈለውን ሁለተኛ ኪራይ ጨምራችሁ ቁጠሩ። አሠሪው ያልመዘገበው ሰዓት የትም አልጠፋም፤ የሆነ ሰው ከዕረፍቱ ላይ ከፍሎታል። በዚያ የፌብሩዋሪ ምሽት የተሳፈሩት መንገደኞችም፣ ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ያለፈውን ሌሊት የት እንዳደሩ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።