የቆዩ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞችና አዳዲስ ኮምፒዩተሮች

አንድ ትምህርት ቤት አሮጌ ኮምፒዩተሩን በአዲስ ሲተካ የሚለወጠው ዕቃው ብቻ አይደለም። በቀድሞው ኮምፒዩተር የተጻፉት የፈተና ጥያቄዎች፣ የትምህርት ማስታወሻዎች፣ የተማሪዎች ውጤትና ቃለ ጉባኤዎች ጭምር ለጥፋት ሊጋለጡ ይችላሉ። ይህ ሁኔታ ሁለት ፊደላት ጎን ለጎን በሚሠራባቸው አካባቢዎች በይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ለምሳሌ ያህል፣ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጌዶ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ አማርኛም ራሱን ችሎ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤቶች የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል በመሆኑ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተዘጋጀ ጽሑፍ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ይነበባል። በዚያው ዘመን በአማርኛ የተዘጋጀው ግን ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልዩነቱን ምክንያትና መፍትሔውን ማስረዳት ነው።

የችግሩ መነሻ

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዓይን የሚያየው ቅርጽ የሚገኘው ፎንት ከሚባለው የቅርጾች ስብስብ ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቁጥሮችን ሲሆን፣ ከነዚህም ጥቂቶቹ ለኮምፒዩተሩ የውስጥ ሥራ የተያዙ ነበሩ። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላ ፊደላት፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። በመሆኑም እንደ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች በቀድሞ ዕትሞቻቸው ለላቲን ፊደል በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የግዕዝን ቅርጽ አስቀመጡ። የቁጥር አሰጣጣቸው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ፊደሉን ከአንድ በላይ በሆኑ ፎንቶች የከፋፈሉም ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ3.0 ዕትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን አካተተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የዩኒኮድ ፎንት ይዞ መጣ። በዩኒኮድ የተጻፈው ዩኒኮድን በሚደግፍ ኮምፒዩተር ሁሉ ይነበባል፤ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈው ግን በራሱ አይለወጥም።

አሮጌውን ፕሮግራም ማሠራት

በዶስ ዘመን የተሠሩ የ16 ቢት ፕሮግራሞች በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠሩም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚዘጋጀው በ64 ቢት ብቻ ነው። ፕሮግራም ጽሕፈትን ለማስተማር ያገለግሉ የነበሩት የዶስ ዘመን ቱርቦ ፓስካልና ኪውቤዚክም በዚሁ ምክንያት በቀጥታ አይከፈቱም። ለእንዲህ ያሉት ዶስቦክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ የቀድሞውን ኮምፒዩተር አስመስሎ በመፍጠር ያሠራቸዋል። በዊንዶውስ ላይ ይሠሩ የነበሩትን ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን በሚባለው ዘዴ አሮጌውን ዊንዶውስ ጭኖ መክፈት ይቻላል። ሆኖም የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለተቋረጠ፣ በዚህ መልክ ሲሠራበት ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የለበትም።

ይሁን እንጂ አሮጌውን ፕሮግራም ማሠራት ለጊዜው ለማንበብ ይረዳል እንጂ ሰነዱን ከአደጋ አያድንም። ዘላቂው መፍትሔ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ነው።

ሰነዱን ማዛወር

በመጀመሪያ የሰነዱን ቅጂ መሥራትና ዋናውን ሳይነኩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ሰነዱ የተጻፈበትን ፎንት ስም መመዝገብ ይገባል፤ ለአንዱ ፎንት የተዘጋጀ መለወጫ ለሌላው አያገለግልምና።

በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ሰነዱን በሙሉ መርጦ ፎንቱን በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። ፊደሉ በሁለት ፎንቶች በተከፈለበት ጽሑፍ ውስጥ አንዱ ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ይወክላል። ፎንቱ አንድ ሲደረግ የትኛው ፊደል ከየትኛው እንደመጣ የሚለይ ምልክት ይጠፋል። ሰነዱን የፎንት ስም በማይዝ ተራ ጽሑፍ መልክ ማስቀመጥም ያንኑ ጉዳት ያስከትላል።

ከተለወጠ በኋላ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። በተለይ ዲቃላ ፊደላት፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና የሰዎች ስም በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። አሮጌው ኮምፒዩተር ከመወገዱ በፊት ሰነዶቹን በወረቀት አትሞ መያዝ ለዚህ ማመሳከሪያ ይሆናል።

ለዕቅድ አዘጋጆች

ስለዚህ የኮምፒዩተር ግዥ ሲታቀድ ለሰነዶች ማዛወሪያ የሚሆን ጊዜና የሰው ኃይል አብሮ መመደብ አለበት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዛወር ካልተቻለ፣ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባቸው የተማሪዎች ውጤትና ቃለ ጉባኤዎች ናቸው። የትምህርት ማስታወሻ ቢጠፋ መምህሩ እንደገና ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ትምህርቱን ያጠናቀቀ ተማሪ ማስረጃ ከጠፋ ግን የሚጎዳው ባለማስረጃው ነው።