በደረቅ እንጨት ውስጥ የምትኖረው የቁልቋል ንብ

ንብ ሲባል በአብዛኞቻችን ሕሊና የሚመጣው ቀፎ፣ ማርና በሺሕ የሚቆጠር መንጋ ነው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ20 ሺሕ በላይ የንብ ዝርያዎች መካከል ግን አብዛኞቹ የሚኖሩት ለየብቻቸው ነው። ንግሥትም ሆነ ሠራተኛ የላቸውም። በአሜሪካ አህጉር ደረቅና አሸዋማ ስፍራዎች የሚገኘው «ሊቱርጎፕሲስ» የተሰኘው የንብ ወገን ከእነዚህ አንዱ ነው።

እንስቷ ጎጆዋን የምታበጀው በሞተ ግንድ ወይም በደረቀ የአጋቭ አገዳ ውስጥ ነው። እንጨቱን በጠንካራ መንጋጋዋ ትፈለፍላለች። የቅርብ ዘመዶቿ ጎጇቸውን ከውጭ ባመጡት ቅጠል ወይም ጭቃ ሲለብጡ፣ እርሷ ግን የፈለፈለችው እንጨት ይበቃታል። በዚያም የአበባ ዱቄትና ወለላ ለውሳ እንቁላሏን ትጥልበታለች።

ስንቋን የምትሰበስበው በዋናነት ከቁልቋል፣ በተለይም ከበለስ አበባ ነው። የበለስ አበባ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን ብዙም አይዘልም። ንቧ ስትገባበት የአበባው ወንዴ ዘንጎች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ዱቄቱም በሆዷ ሥር ባለው ጸጉር ላይ ይጣበቃል። ከአበባ ወደ አበባ ስትዘዋወርም ተክሉ ፍሬ እንዲይዝ ትረዳዋለች።

የቅዱስ ቁርኣን 16ኛ ምዕራፍ የሆነው ሱረቱ አን-ነሕል፣ ንብ ቤቷን የምትሠራው በአላህ (ሱ.ወ) ምሪት መሆኑን ያስተምረናል፤ ከመኖሪያዎቿም መካከል ዛፍ ተጠቅሷል። ለማገዶ እንጂ ለሌላ የማይረባ የሚመስለን ደረቅ ግንድ ለአንዲት ፍጥረት ሙሉ ቤት መሆኑን ስናይ፣ የዚህ ትምህርት ስፋት ይገለጥልናል።

ይሁንና የንቧ ሲሳይ ስጋት ተደቅኖበታል። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ የሆነ አንድ የእሳት ራት ዝርያ፣ እጩ የበለስን ግንድ ከውስጥ እየበላ ያደርቀዋል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1926 ሆን ብላ በመልቀቅ፣ መሬቷን የወረረውን በለስ ድል አድርጋበታለች። በ1957 ለተመሳሳይ ዓላማ ወደ ካሪቢያን ከተወሰደ በኋላ ግን፣ በ1989 በፍሎሪዳ ተገኘ። በዚያ የሚበላው በለስ አረም ሳይሆን የአገሩ ተክል ነው። ሜክሲኮ በ2006 ደሴቷ ላይ የደረሰውን ራት አሳዳ አጥፍታለች።

በለስ ባሕር ተሻግሮ ሰሜን ኢትዮጵያም፣ የዓረቡ ምድርም ደርሷል። በትግራይ የክረምት ስንቅ ሲሆን፣ በጣኢፍ ገበያ «በርሹሚ» ተብሎ ይሸጣል። የጥንት ወዳጁ የሆነችው ንብ ግን በትውልድ ምድሯ ቀርታለች፤ ህልውናዋም በሁለት ነገሮች መቆየት ላይ ተንጠልጥሏል፦ በሚያብብ በለስና ሳይቃጠል በተተወ ደረቅ ግንድ።