የጣና ታንኳ፡ ደንገሉ ባሕር ተሻገረ፣ ሠሪው ግን ስም አላገኘም

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣና ገዳማትን ጎብኝቶ የሚመለስ እንግዳ ይዟቸው ከሚሄድ ዕቃዎች አንዷ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ናት። ቀላል ናት፤ በሻንጣ ጥግ ትገባለች፤ እንደ ሸክላ ትሰበራለች ተብሎ አይፈራላትም። ለስጦታ ዕቃ ነጋዴ ከዚህ የሚመች ሸቀጥ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁንና ይህች ታንኳ የምትሸጠው ማን እንደሠራት፣ በየትኛው መንደርና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራች የሚናገር አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ ሳይኖራት ነው። የገበያው ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ስም የሌለው ዕቃ ዋጋው የሚቆረጠው በክርክር ነው። ገዢው የሚያወዳድራት ከጎኗ ከተደረደረችው ሌላ ታንኳ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ዋጋዋ ወደ ጥሬ ዕቃና ወደ ጉልበት ዋጋ ማዘንበሉ አይቀርም። ከዚያ በላይ የሚገኘው ትርፍ የሚቀረው ለቦታው ባለቤት ወይም ለአሻሻጩ ነው። የሠሪው ድርሻ የሚያድገው ዕቃው በሌላ ዕቃ ሊተካ የማይችል ሲሆን ነው። ለዚህ ደግሞ ከእጅ ጥበብ በተጨማሪ የታወቀ ስም ያስፈልጋል።

ሙያውና ባለሙያው

ታንኳ በጣና ዙሪያ የብዙ ሰው መጓጓዣ ነው። ከሙያው ጋር አብሮ የሚነሣው ስም ግን የነገደ ወይጦ ነው። ይህ ማኅበረሰብ በሐይቁ ዳርቻ ተበታትኖ የሚኖር፣ በጥንት ጊዜ ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማጥመድ፣ የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብና ደንገል በመሥራት የታወቀ ነው። የቀድሞ ቋንቋው ጠፍቶ ዛሬ አፉን የሚፈታው በአማርኛ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የማኅበረሰቡን ከአደን ወደ እርሻ የመሸጋገር ጉዞ ዘግቦታል። ጉማሬ በመብላቱ ምክንያት በጎረቤቶቹ ሲናቅ የኖረ በመሆኑ፣ «ወይጦ» የሚለው ስም ብቻውን ሲነገር እንደ ስድብ ይሰማዋል፤ ነገደ ወይጦ መባልን የሚመርጠውም ለዚሁ ነው።

ሽግግሩ ሁሉንም ባለ መሬት አላደረገም። መሬት የሌለው ቤተሰብ ሀብቱ እጁና ሐይቁ ናቸው። በሌላ በኩል ባሕር ዳር እየሰፋች ስትሄድ የሐይቁ ዳርቻ ለሆቴልና ለመዝናኛ ተፈላጊ ሆኗል። ለኢንቨስተሩ ውብ እይታ ያለው ቦታ፣ ለደንገል ሠሪው የጥሬ ዕቃ ማሳና የሥራ ሜዳ ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ደንገሉ ይታጨዳል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ እየተጠቀለለ በራሱ ልጥና በገመድ ይጠፈራል። ትልቁ ታንኳ በቀርከሃ እየተቀዘፈ ሰው፣ ዓሣና የማገዶ እንጨት ይጭናል። ከዘጌ ልሳነ ምድር እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣው ታንኳ ለከተማው ነዋሪ የቆየ ትዕይንት ነው። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ተነሥቶ ይደርቃል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ ከዚያ በአዲስ ይተካል።

በንግድ ዓይን ሲታይ ይህ አጭር ዕድሜ ለሠሪው ጥቅም ነበር። ያረጀ ሁሉ መተካት ስላለበት ሥራ አይቋረጥም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በልማት ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ጣና ዓሣ ማስገር ሲገቡ ግን ታንኳው ብርቱ ተወዳዳሪ መጣበት። መንገደኛውም ቀስ በቀስ ወደ ሞተር ጀልባ ዞረ። ትንሿ የስጦታ ታንኳ እንግዲህ ከትልቁ የተረፈ ገበያ ናት ማለት ይቻላል። አደጋውም ግልጽ ነው፤ የትልቁ ገበያ ከጠፋ ወጣቱ ደንገል ጠፍሮ ውሃ ላይ የሚያቆመውን ሙያ የሚማርበት ምክንያት አይኖረውም።

ስሙ የታወቀው ደንገል

የጣና ደንገል ለዓለም ገበያ እንግዳ አይደለም። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ ደንገሉን የወሰደው ከጣና ነበር። «ራ» የተባለችው የመጀመሪያዋ ጀልባ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠርታ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሣች፤ ረጅም ርቀት ከተጓዘች በኋላ ግን ተበታትና ሳትደርስ ቀረች። በተከታዩ ዓመት «ራ 2» ከዚያው ወደብ ተነሥታ በ57 ቀናት ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ በኦስሎ ከተማ በኮንቲኪ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች።

ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የመጀመሪያዋን ጀልባ የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ሁለተኛዋን የሠሩት ደግሞ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ተወላጆች ናቸው። ሄየርዳል ለውቅያኖስ የሚሆን አሠራር ፈልጎ ባለሙያውን ከሌላ መምረጡ የራሱ ምክንያት ነበረው። ውጤቱ ግን ጣና በታሪኩ ውስጥ የተመዘገበው ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆኖ መሆኑ ነው። የቻድና የቲቲካካ ሠሪዎች ከጀልባዎቹ ጋር ሲጠሩ፣ የጣና ሠሪ አይጠራም። ቡናን ሳይቆላ፣ ቆዳን ሳያለፋ ሲልክ ለኖረ አገር ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም።

ከድብ አሻንጉሊት የሚገኝ ትምህርት

ስም በእጅ ሥራ ዋጋ ላይ ምን እንደሚጨምር ለማየት፣ ድብ በዱሯ የሌላት ኢትዮጵያ ከድብ አሻንጉሊት ገበያ ብትማር አትጎዳም። እ.ኤ.አ. በ1902 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በአደን ላይ የታሰረ ድብ አልገድልም ማለታቸው በጋዜጣ ካርቱን ተሣለ። የድብ አሻንጉሊትም በፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስም «ቴዲ» ተባለ። በዚያው ዓመት በጀርመን ጊንገን ከተማ የሚገኘው የማርጋሬቴ ሽታይፍ ድርጅት እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ አዘጋጀ። በ1903 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት አንድ አሜሪካዊ ገዢ 3,000 አዘዘ።

አስመሳዩ ሲበዛ ድርጅቱ ያደረገው ነገር ትንሽ ነበር፤ ከ1904 ጀምሮ በእያንዳንዱ አሻንጉሊት ጆሮ ላይ አንዲት የብረት ቁልፍ ሰካ። ቁልፏ የሠሪው ማረጋገጫ ሆነች። ዘጠና ዓመት ቆይቶ፣ በ1994፣ «ቴዲ ገርል» የምትባል የዚያ ዘመን ድብ በለንደኑ የክሪስቲ ጨረታ 110,000 ፓውንድ ተሸጠች። ጨርቁና ጭዱ ይህን ያህል አያወጡም። የተሸጠው የሠሪው ስም፣ ዕድሜውና ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ የሚናገረው ታሪክ ነው።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ በአሜሪካና በእንግሊዝ ብቻቸውን ቆርጠው፣ ሰፍተው፣ ሞልተው የሚሸጡ የድብ ሠሪዎች ተነሥተዋል። ፋብሪካን በብዛት አይወዳደሩም። ጥቂት ይሠራሉ፤ እያንዳንዱን ይቆጥራሉ፤ ስማቸውን ይፈርሙበታል፤ በትርዒት ተሰባስበው ለሰብሳቢዎች ይሸጣሉ። ሰብሳቢው ሁለተኛውን ድብ የሚገዛው የመጀመሪያውን ማን እንደሠራለት ስለሚያውቅ ነው። የጣና ታንኳ ገዢ ግን ቢወድም ተመልሶ የሚያዝበት አድራሻ የለውም። ገበያው በአንድ ሽያጭ ይዘጋል።

አቅርቦቱ እየሳሳ ነው

ማንኛውም ገዢ ከማዘዙ በፊት ጥሬ ዕቃው ነገም ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል። የደንገል መልስ ደስ አያሰኝም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ እንደ ኃይል ማመንጫ ፍላጎትም ይለዋወጣል። በ2003 የሐይቁ ውሃ እጅግ ዝቅ ብሎ የጀልባ ጉዞ እስከ መስተጓጎል ደርሷል። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት ይታረሳል፤ ከብት ይሰማራበታል። ደንገልም በዚያው ልክ ይሸሻል።

በ2011 በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ የታየው እምቦጭ ሌላው ፈተና ነው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡ ክብር ነው፤ ምዝገባ ብቻውን ግን ደንገል አያበቅልም።

እዚህ ላይ አጫጁን መክሰስ ይቀናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ደንገል ሥሩ ካልተነቀለ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ተክል ነው። በአግባቡ የሚያጭደው ሰው ነገም ስለሚፈልገው ጠባቂው ነው። ማሳውን ለዘለቄታው የሚያጠፋው ሥሩ ተነቅሎ መሬቱ ሲታረስ ነው። ከዚህ አኳያ የታንኳ ዋጋ መሻሻል የደንገል ጥበቃ ጉዳይም ነው። ቁም ደንገል ከሚታረሰው መሬት የበለጠ ካላስገኘ፣ ገበሬው ማረሱን የሚተውበት ምክንያት የለም።

ፍላጎቱስ?

የባሕር ዳር የስጦታ ዕቃ ገበያ የተንጠለጠለው በጎብኚ ላይ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገር ገባ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሦስቱም ጎብኚን አራቁ። ገዢው ሐይቁ ድረስ መጥቶ እስኪገዛ የሚጠብቅ ሠሪ በእነዚህ ዓመታት ምን እንደደረሰበት ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ አሻንጉሊትና ጌጥ በብር ሲሰላ ተወደደ። ጥሬ ዕቃውም ጉልበቱም የአገር ውስጥ የሆነ ዕቃ ግን ለውጭ ገዢ በዶላር ረከሰ። ምንዛሪ የማይጠይቅ፣ ማሽን የማይፈልግ ምርት ማለፊያ ዕድል ያገኘው አሁን ነው። ዕድሉን ለመጠቀም ግን ታንኳዋ ገዢ ወዳለበት መሄድ አለባት፤ ወደ አዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮች፣ ወደ ሆቴሎችና በውጭ ወደሚኖረው ኢትዮጵያዊ።

ምን ቢደረግ?

መንገዱ አልተዘጋም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አንድ ማኅበር ለአባላቱ የጋራ የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ ለሐረር፣ ለሲዳሞና ለይርጋ ጨፌ ቡና በስም ባለቤትነት ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷን የቡና ነጋዴ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከባሕር ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ በወረታ አካባቢ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት አውራ አምባ ማኅበረሰብም አለ። የሽመና ሥራውን ለመግዛት የሚሄድ እንግዳ ጋቢውን ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰቡንም ስም ይገዛል። ተመሳሳይ ጋቢ በሌላ ገበያም ይገኝ ነበር።

ለጣናም የሚያስፈልገው ብዙ ካፒታል አይደለም። የሠሪው ስም፣ መንደሩና ዓመቱ የተጻፈበት ካርድ፤ ተመሳሳይ መጠንና ጥራት፤ ነቀዝ እንዳይገባው በሚገባ የደረቀ ደንገል፤ ለውጭ ገበያ ሲሆን ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት። ነጋዴው በበኩሉ በየጊዜው ከመከራከር አስቀድሞ በብዛት ቢያዝና ከፊሉን ቀድሞ ቢከፍል፣ ሠሪው ጎብኚ በጠፋበት ወቅት እንዳይበተን ይረዳል። ነጋዴውም አቅርቦቱን ያረጋግጣል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። የመጀመሪያው ምልክቱን ማን ያስመዘግባል የሚለው ነው። ደላላው ወይም የመደብሩ ባለቤት ቀድሞ በግሉ ካስመዘገበው ሠሪው በገዛ ሙያው ተቀጣሪ ይሆናል። ለዘመናት ሲናቅ የኖረ ማኅበረሰብ ስሙ ገንዘብ ማውጣት ሲጀምር ስሙን ለሌላ መልቀቅ የለበትም። ሁለተኛው የደንገሉ ማሳ ነው። ከእያንዳንዷ ታንኳ ዋጋ ላይ ለማሳው ጥበቃ የሚውል ድርሻ በውሉ ካልተቆረጠ፣ ምልክቱ ሲታወቅ ጥሬ ዕቃው አልቆ ሊገኝ ይችላል።

የጣና ደንገል ችሎታውን ለማስመስከር አትላንቲክን መሻገር አላቃተውም። ቀሪው ሥራ ከአንዲት የብረት ቁልፍ ወይም ከአንዲት ካርድ የሚከብድ አይደለም፤ የጠፈረውን ሰው ስም ጽፎ ከዕቃው ጋር መላክ ነው። ይህን ቀድሞ የሚያደርግ ነጋዴ ገበያውን ቀድሞ ይይዛል። የሚዘገይ ግን የሚገዛው ደንገልም፣ ደንገሉን የሚጠፍርለት እጅም ላያገኝ ይችላል።