ስፖርተኛ ሲታሰር ዜና ነው፤ ቁጥሩስ ምን ይላል?

በፈረንጆቹ 2014 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ሬይ ራይስ አሳንሰር ውስጥ እጮኛውን በቡጢ ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። ብዙ ሰው "እነዚህ ስፖርተኞች ወንጀለኞች ናቸው" አለ። እውነት ነው? እስቲ ሒሳቡን እንየው።

ሊጉ፣ ኤንኤፍኤል፣ 32 ቡድን አለው፤ እያንዳንዱ 53 ተጫዋች ይይዛል። ወደ 1,700 ወጣት ወንድ ማለት ነው። አንዱ በታሰረ ቁጥር ዜና ይሆናል። የሰፈር ጎረምሳ ሲታሰርስ ማን ይዘግባል? በሰማነው ዜና ብዛት ስንፈርድ የምንሳሳተው ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ጋዜጠኛው ቤንጃሚን ሞሪስ ተጫዋቾቹን ከ25 እስከ 29 ዓመት ካሉ አሜሪካውያን ወንዶች ጋር አነጻጸረ። የተጫዋቾቹ የእስር መጠን የእኩዮቻቸው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ግን "ጨዋዎች ናቸው" ብላችሁ እንዳትዘጉት። በቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ ሲለካ ቁጥሩ ወደ 55 በመቶ ይዘላል። አሁንም ከእኩዮቻቸው በታች ነው። ነገር ግን ሌላው እስር እንዲያ ሲቀንስ ይሄኛው ለምን አብሮ አልቀነሰም? ገንዘብ ከስርቆት ያርቅ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ እጅ ማንሳትን ግን ያን ያህል አላስቀረም።

ደግሞም የሚቆጠረው እስር ነው። ፖሊስ ያልተጠራበት ድብደባ ቁጥር ውስጥ የለም።

እና "ስፖርተኞች እንዲህ ናቸው" የሚል ፖስት ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከማን ጋር ሲነጻጸር? በየትኛው ወንጀል? ሊጉ ራይስን መጀመሪያ የቀጣው 2 ጨዋታ ብቻ ነበር። አማካዩ ዝቅ ማለቱ ለተመታችው ሴት ምን ይሠራላታል?