ደግ ሰው መቼ ነው ደግ የሚሆነው?

እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። በአሜሪካ የፕሪንስተን ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ነገሯቸው። ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በሚያልፉበት መንገድ ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ ያስላል፣ ያቃስታል። ሰውየው የተመራማሪዎቹ ተባባሪ መሆኑን ግን አያውቁም።

ማን ቆሞ ረዳው? ተማሪዎቹ ሃይማኖታቸውን በምን መልኩ እንደሚይዙ አስቀድሞ በመጠይቅ ተለክቶ ነበር፤ ልኬቱ ግን ማን እንደሚቆም አልጠቆመም። ወሳኙ ጥድፊያ ሆኖ ተገኘ። ገና ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው 63 በመቶው ሲረዱ፣ «ዘግይተሃል፣ ቶሎ ድረስ» ከተባሉት የረዱት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ እየተጣደፉ ሰውየውን ተራምደውት ያለፉም ነበሩ።

ይህን ዳር ቆሞ ያየ ሰው ምን ይላል? «ልበ ደንዳና!» ይላል። ጥድፊያው በዓይን አይታይማ፤ የሚታየው አላፊው ብቻ ነው። ሊ ሮስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 «መሠረታዊው የምክንያት ስሕተት» ያለው ይህንኑ ዝንባሌ ነው፤ የሌሎችን ድርጊት ስንፈታ ሁኔታውን አሳንሰን ጠባያቸውን እናገንናለን። በ1967 ኤድዋርድ ጆንስና ቪክተር ሃሪስ ፊደል ካስትሮን የሚደግፉና የሚቃወሙ ጽሑፎችን ለተማሪዎች አስነብበው ነበር። አንባቢዎቹ ጸሐፊው የያዘውን አቋም የመረጠለት ሌላ ሰው መሆኑ በግልጽ ተነግሯቸው እንኳ፣ ጽሑፉ የራሱን እምነት እንደሚያሳይ ገመቱ።

ጉዳቱ ፍርዱ በመሳሳቱ ብቻ አያበቃም፤ ጥያቄውም ይዘጋል። ልጁ ለምን አያጠናም? ሰነፍ ስለሆነ። ሰነፍ መሆኑን በምን አወቅን? ስለማያጠና። ምክንያት የመሰለን ነገር ዞሮ ዞሮ ያየነውን ድርጊት በሌላ ስም መጥራት ነው። በግዑዝ ነገርም ላይ ያው ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሞሊየር በ1673 በመድረክ ያሾፈበት የሕክምና ተማሪ፣ ኦፒየም ለምን እንደሚያስተኛ ሲጠየቅ «የማስተኛት ኃይል ስላለው» ብሎ ይመልሳል፤ ፈታኞቹም ያጨበጭቡለታል። እውነተኛው መልስ መገለጥ የጀመረው ከ300 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ተመራማሪዎች የኦፒየም ንጥረ ነገሮች የሚጣበቁባቸውን ተቀባዮች በአንጎል ውስጥ ሲያገኙ ነው። «የማስተኛት ኃይሉ» ለካ በኦፒየሙ ብቻ የተቀመጠ ጠባይ አልነበረም፤ የሚፈጠረው ኦፒየሙና አንጎሉ ሲገናኙ ነው።

ይህ የአስተሳሰብ ልማድ በልጅነት ይጀምራል። ሱዛን ጌልማንና ጌይል ሄይማን በ1999 የ5 እና የ7 ዓመት ልጆችን ስለማያውቋት ልጅ አጫወቷቸው። ለአንዳንዶቹ «ባገኘችው አጋጣሚ ሁሉ ካሮት ትበላለች» አሏቸው፤ ለሌሎቹ ግን «ካሮት በል ናት» አሏቸው። ስም የወጣላትን ልጅ የሰሙት ሕፃናት፣ ወደፊትም ሆነ ቤተሰቧ ቢቃወማት ካሮት መብላቷን እንደማትተው ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ።

በአዋቂዎች እጅ ሲገባ ደግሞ መዘዙ ከባድ ነው። አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 በፓሪስ ያዘጋጀው የአእምሮ ፈተና ዓላማው በትምህርት ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት ነበር። ቢኔ ውጤቱ የማይለወጥ የተፈጥሮ መጠን ተደርጎ እንዳይቆጠር አጥብቆ ተከራክሯል። ፈተናው አሜሪካ ሲሻገር ግን ብዙዎች ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወጡት የአእምሮ ልክ አደረጉት። በቨርጂኒያ ኬሪ በክ የተባለች ወጣት በዚሁ ፈተና ተለክታ «የአእምሮ ዕድሜዋ 9 ዓመት ነው» ተባለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927፣ በ8 ለ1 ድምፅ፣ እንዳትወልድ በግዴታ እንድትመክን ፈቀደ። ገና በጨቅላነቷ «ጤናማ አትመስልም» የተባለችው ልጇ በ1931 የትምህርት ቤቷ የክብር ተማሪዎች መዝገብ ላይ ሰፈረች።

ታዲያ ጠባይ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው? አይደለም። ሰዎች በእርግጥ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ያለው ግን ከምናስበው ሌላ ቦታ ነው። ዩዊቺ ሾዳ፣ ዋልተር ሚሼልና ጃክ ራይት በአንድ የክረምት ካምፕ ውስጥ ልጆችን ለሳምንታት ተከታትለው በ1994 ያሳተሙት ጥናት ይህንን ያሳያል። አንዱ ልጅ የሚቆጣው አዋቂ ሲገሥጸው ነው፤ እኩያው ሲተናኮለው ችሎ ያልፋል። ሌላው ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ቁጣቸው በአማካይ ቢሰላ ሁለቱም «ቁጡ» ይባሉ ነበር፤ የየራሳቸው መልክ ግን ይጠፋል። የማይናወጠው ነገር «እንዲህ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል» የሚለው ሥርዓት ነው።

ስለዚህ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ከማለት «መቼ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ይህን የሚያስመርጠን ሰውን አለማስቀየም ብቻ አይደለም። ክፉ የተባለ ሰው ቢለግስ «ለታይታ ነው» እንላለን፤ ደግ የተባለው ቢነፍግ «ቸግሮት ነው» እንላለን። የተለጠፈውን ስም የሚያፈርስ ማስረጃ አይመጣም፤ ቢመጣም ማብራሪያ ይበጅለታል። «ሰዓት ሲያጥረው የሂሳብ ጥያቄ ይስታል» የሚለው አባባል ግን ይፈተናል፤ ልጁን ሰዓት ጨምሮለት ማየት ነው። ቢስት ተሳስተናል፤ ባይስት መፍትሔውን አግኝተናል። «ሰነፍ ነው» ያለ ሰው ግን የሚሞክረው ነገር የለውም።