ክረምት፣ በጋና ሰደድ እሳት፦ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያዎችን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ሐምሌና ነሐሴ ብርቱው ሙቀትና የመብረቁ ብዛት በአንድነት የሚገናኙባቸው ወሮች ናቸው። በዚህ ጊዜ የአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የሚያወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች በሎስ አንጀለስ፣ በላስ ቬጋስና በፊኒክስ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ወደ ቋንቋቸው ሲመለሱ፣ ተርጓሚውን የሚገጥመው ችግር የቃላት እጥረት አይደለም። ቃላቱ ሞልተዋል፤ ችግሩ የተቀረጹት ለሌላ ሰማይ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጥቂት ስያሜዎችን ጠባይ መርምረን ይበጃሉ ያልናቸውን አቻዎች ለማቅረብ እንሞክራለን።

አስቀድመን የወቅቶችን ስም እንመልከት። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቈያል፤ መፀው፣ በጋና ጸደይ ተራ በተራ ይከተሉታል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎቻችን ደግሞ ዓመቱን በበጋ፣ በበልግና በክረምት ከሦስት ይከፍሉታል። በሁለቱም አከፋፈል ክረምትን ክረምት ያሰኘው ዝናቡ ነው። የእንግሊዝኛው «ሰመር» እና «ዊንተር» ግን የሚለዩት በሙቀትና በብርድ ነው። መዝገበ ቃላቶቻችን «ሰመር»ን በጋ፣ «ዊንተር»ን ክረምት ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የቅዱሳት መጻሕፍት የግእዝ ተርጓሚዎች የፍልስጥኤምን ብርዳማ ወቅት ክረምት፣ ሞቃቱን ሐጋይ ሲሉ ትክክል ነበሩ፤ በሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ዝናብ የሚመጣው ከብርድ ጋር ነውና። የካሊፎርኒያም አብዛኛው የአየር ንብረት ከዚሁ ወገን ስለሆነ አቻው በዚያ ይሠራል፤ በካሊፎርኒያ ነሐሴ በእውነት በጋ ነው። ወደ አሪዞና ስንሻገር ግን ነገሩ ይፈርሳል። በዚያ ሞቃቱ ወቅት ራሱ የነጎድጓድና የዝናብ ወቅት ነው።

እንግዲህ አንድ ተርጓሚ ወሩን ብቻ አይቶ፣ «በክረምቱ መጨረሻ ከፍተኛ የሰደድ እሳት ሥጋት አለ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ምን ያስባል? ከደጋ የመጣ ሰው የሚያስታውሰው ነሐሴ የፍልሰታ ጾምና የቡሄ ሰሞን፣ ማገዶው እየጤሰ አልነድ የሚልበት ወር ነው። ማስጠንቀቂያው ወይ ያስቀዋል ወይ አይገባውም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ የወቅት ስም ፈጽሞ ባይገባ እንመርጣለን፤ የወሩ ስምና ቀኑ በሁለቱም አቈጣጠር ይጻፍ፣ ሙቀቱና ድርቀቱም በግልጥ ይነገር።

«ሞንሱን» የሚለው ቃል ታሪክ ለቃላት አጥኚ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሥሩ የዐረብኛው «መውሲም» ሲሆን ትርጉሙ ወቅት ማለት ነው፤ በፖርቱጋሎችና በሆላንዶች መርከበኞች አፍ አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። የሚያስገርመው፣ በዖማን የሰላላ ዐረቦች የአገራቸውን የሞንሱን ወቅት «ኸሪፍ» ማለትም መኸር ብለው መጥራታቸው ነው። የአሪዞና ሞንሱን ደግሞ ፍቺው በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ተለውጧል። ቀድሞ በፊኒክስ ሞንሱን ገባ የሚባለው የቀኑ አማካይ የጤዛ ነጥብ ለሦስት ተከታታይ ቀናት 55 ዲግሪ ፋራናይት (13 ሴንቲግሬድ ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነበር። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ወቅቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ተብሎ በቀን ተወሰነ። ይህ በእኛ አቈጣጠር ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 20 ማለት ነው፤ ከሞላ ጐደል ክረምት! ሁለቱም ከሙቀት የተነሣ ነፋሳት አቅጣጫ ለውጠው እርጥበት የሚያመጡባቸው ወቅቶች ናቸውና «የአሪዞና ክረምት» ማለት ያጓጓል። ለማስጠንቀቂያ ግን አንመክረውም። ሞንሱኑ በሚገባበት ሰሞን ሣሩና ቍጥቋጦው ገና እንደ ደረቀ ነው፤ መብረቁ ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል፤ ክረምት የሚለው ቃል ደግሞ የሚያስበው ዝናቡን ነው። «የሞንሱን ወቅት» ይበቃል፤ ቃሉን የጂኦግራፊ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ የምንጠነቀቅለት ስያሜ በእንግሊዝኛ «ደረቅ ነጎድጓድ» ወይም «ደረቅ መብረቅ» የሚባለው ነው። ሙቀት ያነሣው አየር ከፍ ብሎ ደመና ይሠራል፤ ከደመናው ሥር ያለው አየር ግን እጅግ ደረቅ ስለሆነ ዝናቡ ሲወርድ በመንገድ ይተናል። መብረቁ ግን አይተንም። በአሜሪካ ልማድ መሬት የደረሰው ዝናብ ከ2.5 ሚሊሜትር ያነሰ እንደሆነ ወጀቡ ደረቅ ይባላል። በአማርኛ ይህን ክሥተት በአንድ ስም መጥራት የሚያስቸግረው ዝናብን ከነጎድጓድ መለየት ስላልለመድን ነው። የሬዲዮ ዘገባችን «ነጎድጓዳማ ዝናብ» ወይም «መብረቅና ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ» ይላል፤ ዝናቡ ባለቤት፣ ነጎድጓዱ ቅጽል ነው። «ደረቅ ነጎድጓዳማ ዝናብ» ቢባል ደግሞ ቃሉ ራሱን ያፈርሳል።

«ደረቅ»ን እንዳለ መውሰድስ? በአማርኛ ደረቅ የሚለው ቅጽል ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው ነገር መጕደሉን ያመለክታል፤ ደረቅ ቼክ ገንዘብ የሌለበት ነው። እንግዲህ «ደረቅ ነጎድጓድ» ሲባል አንባቢው ጩኸት ብቻ፣ የማይጐዳ ዛቻ ሊመስለው ይችላል። «የብራ መብረቅ» የሚል ውብ ሐረግም አለን፤ ነገር ግን እርሱ ያልታሰበ ዱብ ዕዳ ማለት ሆኖ በምሳሌያዊ ትርጉሙ ተይዟል፤ ደግሞም ሰማዩ ብራ አይደለም፣ ደመና አለ። ስለዚህ «ሽቦ አልባ» በሚለው ስልት «ዝናብ አልባ መብረቅ» የሚለውን እንመርጣለን። ጥቂት ጠብታ መሬት ሊደርስ ስለሚችል ፍጹም ትክክል ነው አንልም፤ ነገር ግን አደጋውን መብረቁ ላይ ያሳርፋል፣ ዝናብ ያጠፋልናል የሚለውንም ተስፋ ያስቀራል።

የዚህ ስያሜ ክብደት በነሐሴ 2012 ዓ.ም. (ኦገስት 2020 እ.ኤ.አ.) ታይቷል። ነሐሴ 10 ቀን በካሊፎርኒያ የሞት ሸለቆ 54.4 ሴንቲግሬድ ሙቀት ተመዘገበ። በዚያው ሰሞን ፋውስቶ ከተባለው የፓስፊክ ወጀብ የተረፈ እርጥበት ወደ ሰሜን ዘልቆ ከ10,000 የሚበልጥ መብረቅ በጥቂት ቀናት አወረደ፤ ዝናቡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በመቶ የሚቈጠሩ እሳቶች ተነሡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ተያይዘው፣ «ኦገስት ኮምፕሌክስ» የተባለው ብቻ ከ400,000 ሔክታር በላይ አቃጠለ።

ነፋሱም ስም ይሻል። ዝናቡ ሲተን አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ቁልቁል ይወድቅና መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይፈሳል። ሰኔ 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በአሪዞና በያርኔል ኮረብታ መብረቅ እሳት አስነሣ። ከሁለት ቀን በኋላ ከነጎድጓድ ወጀብ የወጣ ነፋስ የእሳቱን አቅጣጫ ለወጠውና 19 የእሳት ተከላካዮች ሞቱ። «ውሽንፍር» ለዚህ አይሆንም፤ ዝናብ አለበትና። «ቁልቁል ነፋስ» ብንል ግልጥ ይመስለናል። ይኸው ነፋስ አቧራ ሲያስነሣ በሱዳን «ሀቡብ» ይባላል፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ቃሉን ለአሪዞና አውሎ አቧራ ተጠቅሞበታል፤ እኛም ከጐረቤት ብንወስደው አያሳፍርም።

«ሰደድ እሳት» የሚለው ስም ምንም መሻሻል አያስፈልገውም። ለእሳት የተመቸውን አየር ግን «ምቹ» ማለት ለጆሮ ይከብዳል፤ «ለሰደድ እሳት የሚያሰጋ የአየር ጠባይ» ይባል። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው አደጋው ሊመጣ እንደሚችል የሚናገር ሲሆን «የቅድሚያ ማሳሰቢያ»፣ ሁለተኛው ደርሷል ወይም በቅርብ ይደርሳል የሚል ሲሆን «ማስጠንቀቂያ» ይሁን፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መመለስ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋ ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ «ቀይ ባንዲራ» የሚል ስም አለው። የ1967ን እና የ1970ን ዓመታት የሚያስታውስ አንባቢ ቀይ ባንዲራ ሲባል ሰልፍና መፈክር እንጂ እሳት አይታየውም፤ ስለዚህ ዋናው ስም «የሰደድ እሳት ብርቱ ማስጠንቀቂያ» ሆኖ፣ በስልክና በቴሌቪዥን የሚሰማውን ለማመሳከር «ሬድ ፍላግ» በግእዝ ፊደል አጠገቡ ይቀመጥ።

ያልተፈታ አንድ ስም ይቀራል፤ ከደመና ተንጠልጥሎ የሚታየው፣ መሬት ግን የማይነካው ዝናብ። ለጊዜው «ተናኝ ዝናብ» ብለነዋል፤ አልረካንበትም። በቈላው ወገን፣ በተከዜ ወይም በዓባይ በረሓ፣ አርሶ አደሩ ይህን መጋረጃ የሚጠራበት ስም ካለ አንባብያን ቢጽፉልን እናመሰግናለን።