መዶሻ ፍለጋ የወጣው ሰው

ነገሩ የተጀመረው በጠፋ መዶሻ ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ ግዛት፣ ሆክሰን በምትባል መንደር የሚያርስ ፒተር ዋትሊንግ የሚባል ገበሬ ማሳው ውስጥ መዶሻ ጣለ። ፈልጎ ቢያጣው ወዳጁን ኤሪክ ሎውስን ጠራ። ሎውስ ከአትክልተኝነት ሥራው በጡረታ የተሰናበተ ሰው ነበር፤ ሲሰናበት በስጦታ ያገኘው ሜታል ዲቴክተር የሚባል የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ነበረው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16፣ 1992 ነበር።

በዚህ መሣሪያ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው የሽቦ ጥቅል ወደ መሬት መግነጢሳዊ መስክ ይልካል። ከአፈሩ ሥር ብረታ ብረት ካለ መስኩ በውስጡ ደቃቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ይቀሰቅሳል፤ መሣሪያው ያንን ይለይና በድምፅ ያሳውቃል። ድምፁ ግን የተቀበረው ምስማር ይሁን ወርቅ እርግጡን አይናገርም። ለማወቅ ጎንበስ ብሎ መቆፈር ግድ ነው። ሎውስም ድምፁን ሰምቶ ቆፈረ።

የወጣው መዶሻ አልነበረም። የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥ፣ የወርቅና የብር ሳንቲም ከአፈሩ ተከታትሎ መጣ። ሁለት ፌስታል ሞላ። ጉድጓዱ ግን ገና አላለቀም ነበር።

እንዲህ ባለች ሰዓት የሰው እጅ ለሰው አይታዘዝም። አንድ ተጨማሪ ዝቅታ፣ አንድ ተጨማሪ እፍኝ ያሰኛል። ሎውስ ግን መቆፈሩን ተወ። ለፖሊስና የመሬቱ ባለቤት ለሆነው ለግዛቱ ምክር ቤት ነገሩን አሳወቀ፤ የቀረውን አፈር እንደነበረ ተወው። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ልቤ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ከወርቁ ይልቅ የማደንቀው ይህን እጅ መሰብሰብ ነው፤ ከዚህ በኋላ የተገኘው ዕውቀት ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና።

በማግስቱ የሰፎክ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ወሬው ሳይዛመት በምሥጢር መጡ። ሌባ እንዳይቀድማቸው ሥራውን በአንድ ቀን ጨረሱ። ዕቃውን አንድ በአንድ መንጭቀው አላወጡም፤ አፈሩን ከነያዘው እየቆረጡ አነሡና በቤተ ሙከራ ቀስ ብለው ፈቱት። የትኛው ማንኪያ ከየትኛው አጠገብ እንደተኛ፣ የትኛው ሳህን በየትኛው ላይ እንደተደረበ መዘገቡ።

ያን ጊዜ አንድ ሣጥን ታየ። እንጨቱ በስብሶ አልቋል፤ ማጠፊያዎቹና የዕቃዎቹ አቀማመጥ ግን ቅርጹን ጠብቀውለት ነበር። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 45፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን የኦክ እንጨት ሣጥን ነው። በውስጡ ትናንሽ የብር ቁልፎች ያሏቸው ሌሎች ሣጥኖች ነበሩ። አንዳንዱ ዕቃ በሱፍ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ይህን ያሸገ ሰው የሸሸው ያገኘውን አፋፍሶ አልነበረም፤ እያንዳንዱን ዕቃ በየቦታው አስተካክሎ ደርድሯል። ተመልሶ ሊያወጣው አስቧል ማለት ነው። ሎውስ ሦስተኛውን ፌስታል ቢሞላ ኖሮ ብሩና ወርቁ በእጃችን ይገባ ነበር፤ ይህ ሰው ግን አይታየንም ነበር።

ቆጠራው ሲያልቅ ሳንቲሙ 14,865 ሆነ፦ 569 የወርቅ፣ 14,272 የብር፣ 24 የነሐስ። ከሳንቲሙ ሌላ 200 ያህል የወርቅ ጌጥና የብር ዕቃ ነበረ። ሳንቲሞቹ የሮማ ናቸው፤ ከነሱ መካከል የመጨረሻዎቹ የተመቱት እ.ኤ.አ. በ407 እና በ408 መካከል ነው። ስለዚህ ሣጥኑ የተቀበረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሮማውያን ብሪታንያን ለቀው በሚወጡበት፣ ሠራዊትና ሕግ በአንድ ላይ በሚርቁበት ዘመን።

የብር ሳንቲሞቹ ደግሞ ሌላ ወሬ ነገሩ። አብዛኞቹ ጠርዛቸው ዙሪያውን ተከርክሟል። ከሮማ አዲስ ብር መምጣቱ ሲቀር የአገሬው ሰው ያለውን ሳንቲም እየከረከመ፣ ክርካሚውን አቅልጦ ሌላ ሳንቲም መታበት። የከረከመው እጅ ግን ጥንቁቅ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን ፊት አልነካም። ገንዘቡ እየሳሳ በሄደ ጊዜ እንኳ እምነት የሚሰጠው መልክ እንዲተርፍ ፈልጓል። እኛ ይህን ችግር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አባቶቻችን ሲገበያዩበት የኖሩት ጠገራ ብር ጠርዙ ላይ ጽሕፈት የተቀረጸበት፣ የከረከመው ሰው ቢኖር ወዲያው እንዲታወቅ ነው።

ከብር ዕቃዎቹ መካከል የተከበረች ሴት ምስል ያለው ትንሽ የቁንዶ በርበሬ ማስቀመጫ አለ። ከሥሩ የምትዞር ክብ መዝጊያ ተበጅታለታለች፤ ወደ አንዱ ስትዞር ይሞላል፣ ወደ ሌላው ስትዞር ይነሰንሳል፣ ወደ ሦስተኛው ስትዞር ይዘጋል። ቁንዶ በርበሬው የሚመጣው ከህንድ ነበር። መርከበኞች የክረምትና የበጋን ነፋስ እየጠበቁ በቀይ ባሕር ያሻግሩት ነበር፤ አዱሊስ ወደቧ የነበረባት፣ አክሱም በዚያው ዘመን የራሷን የወርቅ ሳንቲም እየመታች የምትነግድባት ባሕር። በሰፎክ ጭቃ ውስጥ የተኛችው ያቺ ትንሽ ዕቃ የኛን ደጅ አልፎ የሄደ ቅመም ይዛ ታውቃለች ብዬ ሳስብ ሆክሰን ሩቅ አትሆንብኝም።

አንድ የወርቅ አምባርም አለ። ፊደሉ ወርቁን ሰንጥቆ በወጣ ቅርጽ ተሠርቶበታል፤ እመቤት ዩሊያና በደስታ ታድርገው የሚል ምርቃት ነው። በአሥር ማንኪያዎች ላይ ደግሞ አውሬሊዩስ ኡርሲኪኑስ የሚል የወንድ ስም ተጽፏል። ሣጥኑ ውስጥ ትልልቅ የግብዣ ሳህኖች የሉም፤ የአንድ ትልቅ ዕቃ እጀታ የነበረች የብር ነብር አለች፣ ዕቃው ግን የለም። ይህ የአንድ ቤተሰብ ሀብት ሁሉ ሳይሆን መርጦ የተቀበረ ክፍሉ ነው ማለት ነው። ምርቃቱ የተጻፈላት ሴት አምባሯን ተመልሳ አላገኘችም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሴፕቴምበር ላይ ችሎት ተሰይሞ ሀብቱ የመንግሥት መሆኑን ወሰነ። በዚያው ዓመት ዋጋው 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ፤ ገንዘቡ በጊዜው ልማድ መሠረት ላገኘው ለሎውስ ተከፈለ። ሎውስ ያገኘውን ከዋትሊንግ ጋር ተካፈለ። ሕጉ ለገበሬው እንዲያካፍል አላስገደደውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ባለመሬቱና አራሹም ድርሻ እንዲያገኙ መንገድ ከፈተ። ሀብቱ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ነው።

በአገራችንም በየቤቱ እንዲህ ያለ ወግ አለ። አያት በጓሮ፣ በዛፍ ሥር፣ በእንስራ ጠገራ ቀብሮ ሳይናገር ሞተ ይባላል። በአክሱም ዙሪያ ደግሞ ወግ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ካጠበው እርሻ ላይ፣ ከማረሻ ሥር፣ የነገሥታቱ ሳንቲም ብቅ ይላል። ያቺ ሳንቲም ከመሬቱ ተነሥታ በኪስ ገብታ በገበያ ስትሸጥ የንጉሡ ስም አብሯት ይኖራል፤ የቤቱ፣ የመንገዱ፣ የቀባሪው ወሬ ግን በተነሣችበት ጉድጓድ ይቀራል። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው የሚያዝዘው ለዚህ ነው። የቤተሰብ መሬት የምንለው ቦታ ከኛ በፊት የሌላ ቤተሰብ መሬት ነበር። በውስጡ የተኛው አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ከነአቀማመጡ ይጠበቃል።

ባለሙያዎቹ በሆክሰን ሲቆፍሩ መዶሻውንም አገኙት። ተራ የብረት መዶሻ ነው፤ ከየትም ሱቅ ይገዛል። እሱም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። መዶሻው ከንጉሠ ነገሥታቱ ወርቅ ጋር የተመዘገበው የት እንደወደቀና ለምን እንደተፈለገ ስለሚታወቅ ነው።